የዓጀሚ የባሕር ዳር መናፈሻ

በእስራኤል የቴል አቪቭ ክፍል ከሆነችው ከያፎ ወደብ በስተደቡብ፣ የዓጀሚ ሰፈር ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር በሚያዘቀዝቅበት ተዳፋት ላይ፣ ሚድሮን ያፎ የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። በቴል አቪቭ መሃል ያለውን የተዋበ የባሕር ዳርቻ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ሲያየው እምብዛም አይማርክም። ሰው የሚበዛበት ሣር ተመልጧል፤ የጥብስ ከሰል የተደፋበት አፈር ጠቁሯል፤ ቅዳሜ ሲያልፍ ደግሞ የፕላስቲክ ኩባያውንና ከረጢቱን ነፋስ ከወዲያ ወዲህ ያንከባልለዋል። ቢሆንም ከያፎ በስተደቡብ ባለችው ከተማ በባት ያም ያሉ ዘመዶቼን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር እዚያ ሳልደርስ አልመለስም። ከከተማዋ መናፈሻዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው፤ የምወድበትም ምክንያት ከገጽታው ይልቅ ከሥሩ ያለው ነገር ነው።

ያፎ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ኢዮጴ የተባለችው፣ ዮናስ ወደ ተርሴስ ለመኮብለል መርከብ የተሳፈረባት፣ ጴጥሮስም በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ያረፈባት ጥንታዊት ከተማ ናት። የዓጀሚ ታሪክ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የዐረብና የእስራኤል ጦርነት ከያፎ ዐረቦች አብዛኞቹ ከተሰደዱ በኋላ፣ የቀሩት 4 ሺህ ያህል ሰዎች ወደዚህ ሰፈር ተሰበሰቡ፤ ዙሪያውም ታጥሮ እስከ 1949 ድረስ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ኖሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት በሰፈሩ ያሉ ብዙ አሮጌ ቤቶች እንዲፈርሱ ተደረገ፤ ፍርስራሹም በጭነት መኪና እየተጋዘ እዚያው የባሕሩ ዳር ላይ ይደፋ ነበር። የሌላውም አካባቢ የግንባታ ጥራጊ ተጨመረበት። ክምሩ እያደገ ሄዶ እስከ 15 ሜትር ገደማ ከፍ አለና ባሕሩን ወደ ምዕራብ ገፋው፤ በመስኮታቸው ባሕር እያዩ ያደጉ ሰዎች አቧራና የቆሻሻ ተራራ እያዩ አረጁ።

ነዋሪዎቹ ለረጅም ጊዜ ከተሟገቱ በኋላ ክምሩ ተነሣ። ፍርስራሹ እዚያው ቦታ ላይ እየተለየና እየተፈጨ እንደገና ለግንባታ ዋለ፤ 200 ዱናም፣ ማለትም 20 ሄክታር ያህል የሚሆነው መናፈሻም በ2010 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እኔ ይህን ሥራ እጅግ አከብረዋለሁ። የተወሰደባቸው ባሕር ለሰፈሩ ሰዎች ተመልሷልና።

ባሕሩ ግን ሁሉንም አልሸሸገም። በድንጋዮቹ መካከልና በስተደቡብ ባለው አሸዋ ላይ፣ ማዕበሉ ጠርዛቸውን ያለሰለሳቸው የወለል ንጣፍ ስብርባሪዎች ይገኛሉ፤ ቀይ አበባ፣ ሰማያዊ ኮከብ፣ ከአንድ ትልቅ ሐረግ የተቆረጠች ቅጠል ይታይባቸዋል። በቅርቡ በሄድኩበት ጊዜ አንዷን አንሥቼ ስመለከት፣ አጠገቤ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ አዛውንት በዕብራይስጥ «ልጄ፣ ይህ የሳሎን ወለል ነው፤ በበዓል ቀን እንግዳ የሚቀመጥበት» አሉኝ። የማን ሳሎን እንደሆነ ልጠይቃቸው ድፍረት አላገኘሁም። ስብርባሪዋን በነበረችበት መለስኳት፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱም እንዲሁ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መናፈሻው በሰው ይሞላል። የሰፈሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ቤተሰቦች ከነምድጃቸውና ከነሺሻቸው ይመጣሉ፤ የሩሲያ አረጋውያን ከባት ያም አቅጣጫ በእግራቸው ይደርሳሉ፤ የእኛም ሰዎች አይጠፉም። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው ቡና ሲያፈሉ አይቻለሁ፤ ጎንደር ተወልደው ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እዚህ አገር የሆኑ እናቶች። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ባይሰማም ልጆቹ አንዲት ኳስ ያባርራሉ። ይህ ሁሉ ሰው የሚቀመጥበት ሣር ቢመለጥ ምን ይደንቃል?

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ክምሩ ከተነሣ ወዲህ ባሕር የሚያሳዩት የዓጀሚ ቤቶች ዋጋቸው ሰማይ ነክቷል፤ በተዳፋቱ አናት ላይ ውድ አፓርታማዎች ተሠርተዋል፤ ለባሕሩ የተሟገቱት ቤተሰቦች ልጆች በሰፈራቸው ቤት መግዛትም መከራየትም ከብዷቸዋል። ስለዚህ «መናፈሻው ይታደስ፣ ይዘመን» የሚል ድምፅ ስሰማ እሠጋለሁ። ጥላ በእርግጥ ያስፈልገዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀትር ላይ መቀመጥ አይቻልም፤ የቆሻሻ መጣያዎቹም በበዓል ቀናት ቶሎ ቶሎ መነሣት አለባቸው። ከዚያ ያለፈውን፣ ማለትም ውድ ካፌውን፣ የከሰል ጥብስ ክልከላውንና አጥሩን ግን አልደግፍም፤ መናፈሻው ቤቱ ጠባብ ለሆነበት ሰው ብቸኛ ሰፊ ግቢው ነውና።

ለመሄድ የምታስቡ፣ በነሐሴ 2023 ሥራ የጀመረው የቴል አቪቭ ቀላል ባቡር ቀይ መስመር በያፎ የኢየሩሳሌም ጎዳና በኩል ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ በእግር ነው። በሰንበት ባቡሩ ስለማይሠራ ከባት ያም ዳርቻውን ይዞ በእግር መምጣት ይሻላል፤ መንገዱ አይቋረጥም፣ ባሕሩም በስተግራ ነው።