ዴልፊና ነፃነት የተጻፈበት ግንብ

ጦሳ ስር ላደገ የደሴ ልጅ ግሪክ አገር ያለው ዴልፊ ብዙም ባዳ አይሆንበትም መሰለኝ፣ ፓርናሶስ የሚባል ተራራ ወገብ ላይ ነው ያለው፣ ገደል ነው፣ ቋጥኝ ይናዳል። የጥንት ግሪኮች የዓለም እምብርት ይሉት ነበር። በአምላካቸው በአፖሎ ቤተመቅደስ ውስጥ ፒቲያ የምትባል ሴት ቁጭ ብላ ትንቢት ትናገራለች፣ ንጉሥ እንኳ ጦርነት ሊገባ ሲል ሰው ልኮ ያስጠይቃል (እኛም ጋ ጠያቂው አይጠፋም፣ ብቻ እሱን እንለፈው)።

እኔን ያስገረመኝ ግን ከቤተመቅደሱ ስር ያለው ግንብ ነው። ድንጋዮቹ ያለ ምንም ሲሚንቶ ጠርዛቸው እየተጠማዘዘ አንዱ ካንዱ ጋር ግጥም ብሏል፣ ላዩ ላይ ደሞ ባሪያ ነፃ የወጣባቸው በመቶ የሚቆጠሩ ውሎች በደቃቅ ፊደል ተቀርጸዋል። ጌታው ባሪያውን ለአፖሎ "ይሸጠዋል"፣ ብሩ ብዙ ጊዜ የራሱ የባሪያው ነው፣ ከዛ በአምላኩ ስም ነፃ ይሆናል፣ ስሙ ዋጋው ምስክሩ ሁሉ እዛው ድንጋይ ላይ አለ። አንዳንዱ ውል ግን ጌታው እስኪሞት አብሮ ይቆይ ይላል፣ ይሄ ደሞ ምን አይነት ነፃነት ነው!

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ373 ቤተመቅደሱ ፈረሰ፣ በኋላ እንደገና ተሰራ፣ ዛሬ የቆሙት ጥቂት አምዶች የዚህ በኋላ የተሰራው ናቸው።

ፈረንሳዮች በፈረንጅ 1892 ቁፋሮ ሲጀምሩ ፍርስራሹ ላይ ካስትሪ የሚባል መንደር ሰፍሮበት ነበር፣ መንደሩን እንዳለ አንስተው ራቅ አድርገው አሰፈሩት። ይሄን ለኮምቦልቻ ጓደኞቼ ሳወራ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ካሳው ስንት ነበር?" ሆነ።