«ማን ቀድሞ ይሞታል?» ብዬ የጀመርኩት ጥናት

የስፔሻሊቲ ትምህርቴን ለመጨረስ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስፈልግ መስፈርቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ቶሎ ማለቁ። በምሠራበት የልብ ክሊኒክ የቆዩ ካርዶች ተከማችተው ነበር። የልብ ድካም ያለባቸውን አወጣለሁ፣ ወንድና ሴት ብዬ እለያለሁ፣ ማን ቀድሞ እንደሞተ እቆጥራለሁ፣ አንድ ሠንጠረዥ ሠርቼ እገላገላለሁ አልኩ። ለሦስት ወር የያዝኩት ሥራ ከዓመት በላይ ፈጀ። አብዛኛው ጊዜ የሄደውም ታካሚ በመቁጠር ሳይሆን እኔው ያበላሸሁትን በማቃናት ነው።

የልብ ድካም ስል የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ደረትን ቀስፎ የሚይዘውን ሕመም ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። የልብ ድካም ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም መርጨት ሲያቅተው፣ ወይም የሚረጨው በውስጡ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ሲሆን የሚመጣ ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል፣ ትራስ ሳይደራርቡ መተኛት ይከብዳል።

የመጀመሪያው ሠንጠረዤ ሲወጣ ደስ አለኝ። የሞቱት ወንዶችና የሞቱት ሴቶች ድርሻ ተቀራራቢ ነበር። «በፆታ ልዩነት የለም» ብዬ መደምደሚያውን ሁሉ ጽፌ ለአንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ባልደረባዬ ወሰድኩለት። ሠንጠረዡን ብዙም አላየውም።

«ሴቶቹ ዕድሜያቸው ስንት ነው?» አለኝ።

ዕድሜ መዝግቤ ነበር፤ በፆታ ለይቼ ግን አላየሁትም። ስናየው ሴቶቹ በግልጽ ይበልጣሉ። «እንግዲህ» አለኝ፣ «አሮጊቶቹ ከጎልማሶቹ እኩል ከሞቱ እኩል ናቸው ትላለህ?»

አፍሬ ወደ ንባብ ገባሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእኔ ስሕተት በትልልቅ ጥናቶችም ፊት የተደቀነ ወጥመድ ሆኖ አገኘሁት። ማጂክ የተባለው ስብስብ 31 ጥናቶችን አጣምሮ 42,000 ገደማ ታካሚዎችን በ2012 ሲመረምር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከወንዶቹም ከሴቶቹም ሩብ ያህሉ ሞተዋል። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ የእኔን መደምደሚያ ይደግም ነበር። ዕድሜውና ሌሎቹ ልዩነቶች ሲስተካከሉ ግን ወንድ መሆን በራሱ ለሞት የሚያጋልጥ ሆኖ ወጣ። በሕይወት በመቆየት ያላቸው የሴቶቹ ብልጫ ስኳር ባለባቸው ላይ መቀነሱም ታይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1993 የታተመው፣ በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ላይ የተደረገው ትንታኔም እንዲሁ ነው፤ የልብ ድካም ከጀመራቸው ወንዶች ግማሾቹ በ1.7 ዓመት ውስጥ፣ ከሴቶቹ ግማሾቹ በ3.2 ዓመት ውስጥ ሞተዋል። የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ባልነበሩበት ዘመን የተሰበሰበ መረጃ ስለሆነ ቁጥሩ ዛሬ ላለ ታካሚ አይነገርም። እኔም ለማንም አልነገርኩም።

ዕድሜውን አስተካክዬ ጨረስኩ ስል ከዚያ የባሰ ነገር መጣ። ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ድስት ቀቅዬ ነበር።

ኢኮ (በድምፅ ሞገድ የልብን ምስል የሚያሳየው ምርመራ) ሲነሣ ኢጀክሽን ፍራክሽን የሚባል ቁጥር ይወጣል፤ ግራው የልብ ክፍል ከሞላው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን እንደሚረጭ ነው። 40 እና ከዚያ በታች ከሆነ ልቡ ለመጭመቅ ደክሟል ማለት ነው። 50 እና ከዚያ በላይ ሆኖም የልብ ድካም ሊኖር ይችላል፤ እዚህ ላይ ችግሩ መጭመቁ ሳይሆን ጡንቻው ገትሮ ላልቶ አለመሙላቱ ነው። በመካከል ያሉት ለብቻቸው ይመደባሉ። የመጀመሪያው ዓይነት በወንዶች ይበዛል፤ ዋናው መንሥኤ የልብ ደም ሥር መዘጋት ጥሎት የሄደው ጠባሳ ነውና። ሁለተኛው በሴቶች ይበዛል፤ ከኋላው ብዙ ጊዜ ደም ግፊት፣ ውፍረት፣ ስኳር፣ የተዘበራረቀ የልብ ምትና ዕድሜ አለ። ለመጀመሪያው ሞትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ለዓመታት ሲደራረቡ ሁለተኛው ባዶ እጁን ቆይቷል፤ ኢምፓግሊፍሎዚን በተባለው መድኃኒት ላይ በ2021፣ ዳፓግሊፍሎዚን በተባለው ላይ በ2022 የወጡት ጥናቶች እስኪመጡ ድረስ። እነዚህም በዋናነት የቀነሱት ሆስፒታል መተኛትን ነው። ስለዚህ ሴትና ወንድ ያወዳደርኩ ሲመስለኝ የኖርኩት፣ በከፊል መድኃኒት ያለውን በሽታ መድኃኒት ከሌለው ጋር ነበር።

በወሊድ አካባቢ ልባቸው የደከመባቸውን ሴቶችም እዚያው ጨምሬ ነበር። ይህ ከእርግዝና መጨረሻ ወር አንሥቶ ከወለዱ በኋላ እስካሉት አምስት ወራት ገደማ የሚታይ ሲሆን፣ ከእነሱ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ልባቸው ያገግማል። ወጣቶች ናቸው፤ ይድናሉ፤ የሴቶቹን አማካይ ወደ ላይ ይጎትታሉ። ለይቼ አወጣኋቸው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ካርዱ ላይ «ሞቷል» የሚል ካልተጻፈ በሕይወት አለ ብዬ ቆጥሬ ነበር። ቤቱ ተኝቶ የሞተ ሰው ክሊኒክ መጥቶ መሞቴን መዝግቡልኝ አይልም። ከክትትል የጠፉትን አንድ በአንድ ለመደወል ተቀመጥኩ። «አሉ ወይ?» ብሎ መጀመር እንደማይቻል በሁለተኛው ጥሪ ተማርኩ፤ «እንዴት ናቸው?» እላለሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። በሴቶቹ ካርድ ላይ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የራሳቸው አልነበረም፤ የባል፣ የልጅ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ነው። ባል ሲሞት ወይም ልጅ ስልክ ሲቀይር እናትየዋም ከመዝገቤ ትጠፋለች። ያላገኘኋቸውን በመጨረሻ እስከታዩበት ቀን ብቻ ቆጠርኳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እነሱ ምንም ማለት አልችልም። መጀመሪያውኑ ሦስት የስልክ ቁጥር የሚይዝ ቅጽ ብሠራ ኖሮ ሁለት ወር አተርፍ ነበር።

በስልክ ካገኘኋቸው መካከል አንዲት እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ይህ ትንፋሽ ማጠር ካርዱ ከሚለው በፊት ብዙ ዓመት አብሮኝ ኖሯል» አሉኝ። አንዱ ዕድሜ ነው ብሏቸዋል፣ ሌላው ጭንቀት። ኢኮ ተነሥተው «ደህና ነው» ተብለው ተመልሰዋል። ኢጀክሽን ፍራክሽን ደህና መሆኑ ልብ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ አሁን ገልጬዋለሁ፤ የሴቶቹ ዓይነት የሚደበቀውም እዚያው ላይ ነው። የእኔ ሰዓት መቁጠር የጀመረው ግን በሽታው ስም ካገኘበት ቀን ነው። ዘግይቶ ስም ያገኘ ሰው በቶሎ የሞተ ይመስላል። ይህን ማስተካከያ ስሌት አላገኘሁለትም። በጥናቱ ድክመቶች ሥር ጻፍኩት፤ ከምልክቱ መጀመሪያ እስከ ምርመራው ስንት ጊዜ እንዳለፈም ካርዱ ላይ ከተገኘ መዘገብኩ።

መድኃኒት ላይ «ይወስዳል፣ አይወስድም» ብዬ ብቻ ነበር ምልክት ያደረግኩት። መጠኑን ለመጻፍ ካርዶቹን በሙሉ ዳግመኛ ከፈትኩ። (የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ለሐኪምም ቅጣት ነው፤ የራሴን እንኳ ያላነበብኩበት ገጽ አለ።) ያስነሣኝ በ2019 የወጣው ባዮስታት ሲኤችኤፍ የተባለው የአውሮፓ ጥናት ነው። የመጭመቅ አቅማቸው ከደከመባቸው ታካሚዎች መካከል፣ ወንዶቹ ዝቅተኛው አደጋ የታየባቸው የመመሪያውን ሙሉ መጠን ሲደርሱ ነው። ሴቶቹ ግን በግማሹ መጠን እዚያ ደርሰዋል፤ ከዚያ በላይ መጨመሩ ተጨማሪ ጥቅም አላሳየባቸውም። ነገሩ የልብ ምትን በሚያረጋጉት ቤታ ብሎከሮች፣ እንዲሁም ደም ሥርን በሚያላሉት የኤሲኢ መድኃኒቶችና መሰሎቻቸው ላይ ነው። በዕጣ ተከፍሎ የተሠራ ሙከራ ስላልሆነ እኔ በዚህ ተነሥቼ የማንንም መድኃኒት በግማሽ አልቀነስኩም፤ አንባቢም በራሱ እንዳይቀንስ እለምናለሁ። ሴት ታካሚዬ ሙሉው መጠን አዞረኝ ስትል ግን «ልመጂው» ማለቱን ትቻለሁ።

ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት ደግሞ የቆየ ታሪክ አለው። በ1997 የታተመው ትልቁ ሙከራ 6,800 ገደማ ታካሚዎች ነበሩት፤ ሴቶቹ ከሩብ በታች ነበሩ። በጠቅላላው ሲታይ መድኃኒቱ ሞትን አልጨመረም፣ አልቀነሰምም፤ ሆስፒታል መተኛትን ቀነሰ። ውጤቱ በፆታ ተለይቶ የታየው በ2002 ነው። ያኔ ዲጎክሲን የወሰዱት ሴቶች ባዶ ክኒን ከወሰዱት ሴቶች ይልቅ በብዛት ሞተው ተገኙ። ከኋላ የመጡ ምርመራዎች ጥርጣሬውን በደም ውስጥ ባለው የመድኃኒቱ መጠን ላይ ጥለዋል። እኔን የከነከነኝ ግን አምስቱ ዓመት ነው። መረጃው እዚያው መዝገብ ውስጥ ነበር።

ተስተካክሎ ሲያልቅ የእኔም መረጃ ከትልልቆቹ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ አጋደለ፤ በተመሳሳይ ዕድሜና በተመሳሳይ ዓይነት የልብ ድካም ሴቶቹ ረዘም ያለ ጊዜ ይኖሩ ነበር። የታካሚዎቼ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልተናገርኩም።

ይህን ለእኚያ እናት በቀጠሯቸው ቀን ነገርኳቸው፤ የምሥራች መስሎኝ። ሳቁብኝ። «መኖሩንማ እኖራለሁ» አሉ። «ከአልጋዬ ተነሥቼ በሩ ጋ ስደርስ ግን እቀመጣለሁ። እሱን ጽፈኸዋል?»

አልጻፍኩትም። በ2019 የሁለት ትልልቅ ሙከራዎች መረጃ ተጣምሮ ከ15,000 በላይ ታካሚዎች ሲታዩ፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ ያነሰ ይሞታሉ፣ ያነሰም ሆስፒታል ይተኛሉ፤ ሕመማቸውን ሲጠየቁ ግን የባሰ ትንፋሽ ማጠር፣ የባሰ ድካምና የወረደ የኑሮ ሁኔታ ነው የሚናገሩት። ጽሑፉን አንብቤው ነበር። ወደ ቅጼ ግን አላሻገርኩትም፤ ሞትን መቁጠር ይቀላል።

ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ ቅጹን ቀየርኩት። ስንት ደረጃ ይወጣሉ፣ በስንት ትራስ ይተኛሉ፣ ያለ ሰው እርዳታ ልብስ ይለብሳሉ የሚሉ ዓምዶች ገቡበት። በሕይወት ያሉትን በቀጠሮ ቀን እየጠበቅኩ ጠየቅኋቸው። ለሞቱት ልጆቻቸውን ልጠይቅ ሞክሬ ነበር፤ የአንዷ ልጅ ስለ እናቷ ትራስ ብዛት ስጠይቃት ማልቀስ ስትጀምር ተውኩት። የእነሱ ዓምድ ባዶውን ታተመ።