ፔንሽን ሳይሞላ ለታመመ ሠራተኛ፦ የሕመም ፈቃድ ከማን፣ ስንት፣ በምን ወረቀት

ከቃሊቲ ወዲያ በቱሉ ዲምቱና በገላን ፋብሪካዎች፣ ወይም በለገጣፎ ግንባታዎች የሚሠራ ሰው ሲታመም የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፦ «ፔንሽንህ ገና አልሞላም፣ ቤት ብትተኛ የሚከፈልህ የለም።» አንዳንዴ ይህን የሚለው ፎርማኑ ነው፣ አንዳንዴ ሰው ሀብት ክፍል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሠራተኛው ራሱ ሳይጠይቅ ይደመድማል። ወሬው የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን አጋብቷል። ለሕመም ቀናት ደሞዝ የሚከፍለው አሠሪው እንጂ የጡረታ ፈንዱ አይደለም። ከደሞዝ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምርበት 11 በመቶ ለእርጅና፣ ከሥራ ለሚያሰናብት የጤና ጉድለት፣ ለሥራ ላይ ጉዳትና ለተተኪዎች የሚውል ነው። ስለዚህ የሕመም ፈቃድ ለመጠየቅ ስንት ወር መዋጮ እንደገባ የሚቆጥር የለም።

የሚቆጠረው የሙከራ ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እንደሚለው የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። ፈቃዱ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንስቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፣ ቀናቱ ቢከታተሉም ቢቆራረጡም። አከፋፈሉን አንቀጽ 86 ያስቀምጠዋል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ።

በ6,000 ብር ደሞዝ እናስላው። የመጀመሪያው ወር 6,000፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው 3,000፣ 3,000፣ ከዚያ ወዲያ ዜሮ። ስድስቱን ወር ሙሉ የተኛ ሰው በጠቅላላው 12,000 ብር፣ ማለትም የሁለት ወር ደሞዝ ያገኛል። ቀሪዎቹ ሦስት ወራት ገንዘብ ባያስገኙም የሥራ ቦታውን ይጠብቃሉ፤ ብዙ ሰው ይህን ንቆ ሥራውን በገዛ እጁ ይለቃል። ሌላም አለ፦ ደሞዝ ሲባል መደበኛው ነው፣ ኦቨርታይምና ቦነስ አይገቡበትም። በፋብሪካ ግማሽ ገቢው ከኦቨርታይም የሚመጣ ሠራተኛ «ሙሉ ደሞዝ» ሲባል የለመደውን ሙሉ እንዳይጠብቅ።

ቆራርጦ መታመም ላይ ሒሳቡ ይጠፋል። ኅዳር ላይ 4 ቀን፣ ጥር ላይ 10 ቀን የተኛ ሰው ከሙሉ ክፍያው ወር 14 ቀን ተጠቅሟል። መጋቢት ላይ እንደገና ሲታመም ከዜሮ የሚጀምር መስሎት ይጨቃጨቃል። ክፍያው ወደ ግማሽ ሲወርድ ቀሪ የዓመት ፈቃድ ካለ፣ በስምምነት እሱን ማስቀደም ያዋጣል፤ የዓመት ፈቃድ በሙሉ ደሞዝ ነው። ገና በመጀመሪያው ወር ግን «የዓመት ፈቃድ ፎርም ሙላ» ከተባላችሁ አትሙሉ፤ ሙሉ ክፍያ ያለው የሕመም ፈቃድ እያለ ሌላውን መብት መብላት ነው።

አሁን ወደ ሙከራ ጊዜው። ጥያቄው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ነው፣ ማታለሉም እዚሁ ነው። በአንቀጽ 11 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ አሥር ሳምንት ገደማ ነው። ሦስት ወር ሞልቶት «ገና ፕሮቤሽን ላይ ነህ» የሚባል ሰው ካለ፣ ሕጉ ከጎኑ ነው። ሁለተኛ፣ የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት። ውላችሁ ላይ ስለ ሙከራ ምንም ካልተጻፈ፣ ወይም ጭራሽ ውል ካልፈረማችሁ፣ አሠሪው በአፍ «ሙከራ ላይ ናችሁ» ቢል አይጸናም። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ራሱ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም፤ ሕጉ ይህን በግልጽ ይላል። ሦስተኛ፣ በዚያው አሠሪ ዘንድ ለዚያው ሥራ እንደገና የተቀጠረ ሰው ሁለተኛ ሙከራ የለበትም። በየሁለት ወሩ ውል እየቀደዱ አዲስ የሚያስፈርሙ ድርጅቶች ጨዋታቸው እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ የቆዩትን ውሎች ጠብቆ ማቆየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። አሮጌውን መልሱ ሲሉ ከመመለስ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው።

በኤጀንሲ በኩል የገቡ ደግሞ ውሉ ላይ «አሠሪ» ተብሎ የሰፈረው ማን እንደሆነ አስቀድመው ይዩ። ፋብሪካው ወደ ኤጀንሲው፣ ኤጀንሲው ወደ ፋብሪካው ሲገፋ ቀናቱ ያልቃሉ። ማመልከቻው መጀመሪያ የሚገባው ውሉ ላይ ለፈረመው ነው፣ ግልባጭ ለሌላኛው።

በእውነት ሙከራ ላይ ሆኖ የታመመ ሰው ግን አቋሙ ደካማ ነው። አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። እዚያ ላይ የሚያዋጣው መከራከር ሳይሆን ቶሎ ማሳወቅና ከአለቃ ጋር ቀን መነጋገር ነው።

መብቱ ኖሮ በወረቀት የሚሸነፍ ሰው ከሁሉም ይበዛል። ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ አሠሪው ራሱ ካላወቀ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር በቀረህበት ማግሥት አሳውቅ፣ ከዚያ መንግሥት ከሚያውቀው የጤና ተቋም ማስረጃ አምጣ። ለካቦው መደወል ማሳወቅ ቢሆንም ማስረጃ አይተውም፤ ለሰው ሀብት አጭር የቴሌግራም መልእክት ጨምሩበት፣ ቀኑና ሰዓቱ ይቀመጣል። የሐኪም ወረቀቱን ከካርድ ክፍሉ ሳትወጡ አንብቡት። ሙሉ ስም እስከ አያት ውሉ ላይ እንዳለው፣ የካርድ ቁጥር፣ እረፍቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የተቋሙ ማህተም። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው «ከ… እስከ…» የሚለው ነው። «5 ቀን እረፍት» ብቻ የሚል ወረቀት ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ስለማይናገር ሰው ሀብት እንደፈለገው ይቆጥረዋል። ማህተሙ ደብዝዞ ካረፈ ይደገም በሉ፤ ነርሷ ብትቆጣም ቁጣዋ ያልፋል።

ስታስገቡ ዋናውን ሰጥታችሁ ኮፒው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብላችሁ በስምና በቀን አስፈርሙ። የሚፈርም ከጠፋ ጥበቃው ፊት መተው ዋጋ የለውም፤ በቤተሰብ ወይም በሥራ ባልደረባ ልካችሁ መዝገብ ቤት ቁጥር ይውጣለት።

ጸበል የሚሄዱ ሰዎች ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። እንጦጦም ይሁን ሌላ ቦታ ሦስት ሳምንት ተጠምቆ የሚመለስ ሰው የሐኪም ማስረጃ ከሌለው፣ በሕጉ ዓይን ያለ ምክንያት የቀረ ነው። በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ጸበሉን የሚከለክል የለም፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይቶ የእረፍት ወረቀት አስገብቶ መሄድ ነው።

ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፣ የተሻለም ነው። ማሽን እጅ ሲይዝ፣ ከመወጣጫ እንጨት ላይ መውደቅ፣ በሥራው ጠባይ የሚመጣ በሽታ፣ እንዲሁም ድርጅቱ ለሠራተኛ ባቀረበው ሰርቪስ ሲሄዱ ሲመለሱ የሚደርስ አደጋ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። እዚህ ላይ ሙከራን መጨረስ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን የተጎዳም ይገባዋል። አሠሪው የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፣ ለጊዜው መሥራት ላልቻለው ደግሞ እስከ 12 ወር ይከፍላል፦ 3 ወር ሙሉ፣ ቀጣዩን 3 ወር 75 በመቶ፣ ቀሪውን 6 ወር 50 በመቶ። በዚያው 6,000 ብር ሲሰላ 18,000፣ 13,500 እና 18,000፣ በድምሩ 49,500 ብር። ከ12,000ው ጋር ሲተያይ አንዳንድ አሠሪ አደጋውን «ተራ ሕመም» ብሎ ለማስመዝገብ ለምን እንደሚጥር ይገባል። ስለዚህ ሐኪሙ ካርድ ላይ «በሥራ ላይ ጉዳት» ብሎ እንዲጽፍ፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን እንደሆነ በዚያው ቀን ተናገሩ፤ ያዩ ሁለት ሰዎችንም ስም ያዙ። አንዳንዱ ክሊኒክ በድርጅቱ የሚከፈለው ስለሆነ ይህን ዝርዝር ሳይጽፍ ሊያልፍ ይችላል፤ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ፔንሽን የሚቆጠረው መቼ ነው ታዲያ? ሕመሙ ዳግም ሥራ የማያሠራ ሲሆን። ይህን የሚገዛው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። በሕክምና ቦርድ ለሥራ ብቁ አለመሆኑ የተረጋገጠና 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የጤና ጉድለት ጡረታ አበል በየወሩ ያገኛል። 10 ዓመት ያልሞላው ባዶ እጁን አይሄድም፤ አንዴ የሚከፈል ዳረጎት አለ። በተለያዩ ድርጅቶች የተሠራ ጊዜ ይደመራል፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሠራውም ጭምር። ችግሩ ቆርጦ ያላስገባ አሠሪ ነው። ፔይሮል ላይ 7 በመቶ ሲቀነስ የሚያሳይ ወረቀት ወይም ስሊፕ በየወሩ ያዙ፤ የጡረታ መለያ ቁጥር ወጥቶላችሁ እንደሆነም ጤነኛ ሳላችሁ ጠይቁ።

አሠሪ የሌለው ሰው፣ ማለትም የቀን ሠራተኛው ነገ ሌላ ዘንድ የሚውለው፣ ጉልት የምትቸረችረው፣ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የቤት ሠራተኛም ከአዋጅ 1156 ውጭ ናት። ለእነሱ በዚህ አዋጅ የሕመም ደሞዝ የሚባል የለም። ያለው በየዓመቱ መዋጮ የሚከፈልበት የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ የሚሸፍነው ሕክምናውን እንጂ የቀረውን ገቢ አይደለም። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጻፍ ሆስፒታል ለሄደ ሰውም ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። መመዝገቢያውና ማደሻው ወቅት አለው፣ ታሞ ሮጦ ማውጣት ብዙ ጊዜ አይቻልም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ መድንም ነፃ ነው፤ ሕክምናው በተለመደው አካሄድ 6 ወር ስለሚፈጅ፣ የሕመም ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ከሐኪሙ ጋር ስንት ሳምንት በእርግጥ ቤት መዋል እንዳለበት ይነጋገር። የፈቃዱን ስድስት ወር በአንድ ጊዜ መጨረስ አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ነው፣ መሥራት ለማይችሉ ድሃ ቤተሰቦች። ምልመላው በወረዳ ስለሆነ የነዋሪነት መታወቂያ ይጠይቃል። ዳር ከተማ ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ነው፦ መሸኛቸው ገና የትውልድ ቀበሌያቸው ነው። መሸኛ ማስመጣትን ለክፉ ቀን ማቆየት አይበጅም።

ወሰኑም ያምታታል። ቱሉ ዲምቱ አዲስ አበባ ነው፤ የገላን ከተማ ፋብሪካ ግን በ2015 ዓ.ም. የተዋቀረው የሸገር ከተማ ይዞታ፣ ኦሮሚያ ነው። መድኑና ሴፍቲኔቱ የምትኖሩበትን ይከተላሉ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ቁጥጥሩ የሥራ ቦታውን። ቱሉ ዲምቱ እየኖረ ገላን የሚሠራ ሰው ስለ ደሞዙ የሚያመለክተው ገላን ባለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ ካልተፈታ የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ሠራተኛ ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ያልተከፈለ ደሞዝ የሚጠየቅበት ጊዜ 6 ወር ነው፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ 3 ወር። «ቆይ እናያለን» እያሉ ሦስተኛውን ወር የሚያሳልፉ አሠሪዎች ይህን ቁጥር ያውቁታል።