ሪሞቱን ያጠፋሁ ማታ

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ጊሽ ዓባይ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ውስጥ ነው። ቀን የሰው ቴሌቪዥንና ስታቢላይዘር እፈታለሁ። ማታ ጋሼ ቁልፉን ለእኔ ትተው ሲወጡ ደግሞ የራሴን ተዋጊ ሮቦት እገጥማለሁ።

ምድቡ ቢትልዌት ይባላል፤ በአሜሪካኖቹ ሕግ ከ3 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1.36 ኪሎ ገደማ መብለጥ የለበትም። ገላው ከገበያ የገዛሁት የፕላስቲክ መክተፊያ ነው። አትሳቁ፣ ሲመታ ይጎብጣል እንጂ እንደ አክሪሊክ አይሰነጠቅም፣ በመጋዝም እንደልብ ይቆረጣል። ፊቱ ላይ በቀበቶ የሚሽከረከር የብረት ምላጭ ገጠምኩለት። ጥጋቤ እዚህ ላይ ነው። ለጀማሪ ግንባሩ ተዳፋት የሆነ፣ ዝም ብሎ የሚገፋ ሮቦት ይበቃዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን ምላጭ የሌለው ምኑን ተዋጊ ሆነ?

የሙከራው ማታ ባትሪው ሙሉ ነበር፣ 12.6 ቮልት። ምላጩ ማፏጨት ጀመረ፣ ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ አልኩት፣ ደስ አለኝ። መብራት ሄደ። ደንግጬ ሪሞቱን አጠፋሁ፣ እሱ ሲጠፋ ሁሉም ቀጥ የሚል መስሎኝ። የት አባቱ! ለካ የእኔ ሪሲቨር፣ ሮቦቱ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ዕቃ፣ ምልክት ሲቋረጥበት የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ነው የሚቀጥለው። ወንበር ላይ ወጣሁ። በጨለማው ውስጥ የጠረጴዛ እግር ሲያኝክ ይሰማኛል። እጄ ያገኘውን ጨርቅ ወረወርኩበት፤ ጠቅልሎት ቆመ፣ ወዲያው የተቃጠለ ሽታ መጣ። ስልኬን ሳበራ ጨርቁ የጋሼ ጋቢ ነው። ማጥፊያውን ደግሞ ከምላጩ ጎን ነው የሰካሁት፣ ብልህ ነኝና! ጣቴን መስደድ ፈርቼ የባትሪውን ሶኬት በፒንሳ ጎትቼ ነቀልኩት።

ጠዋት ጋሼ ጋቢውን ዘርግተው አዩት።

«ምን በላው?»

«ሮቦት ነው፣ ጋሼ።»

«አይጥ ብትለኝ ይሻልህ ነበር።»

አሁን ማጥፊያው ከኋላ ነው። ፌይልሴፉንም፣ ማለትም ምልክት ሲቋረጥ ሁሉን የሚያቆመውን ቅንብር፣ አስተካክያለሁ። ከመንዳቴ በፊት ቀበቶውን አውልቄ፣ ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ ሮቦቱን ሁለት ጣውላ ላይ አስቀምጬ፣ እየሠራ ሳለ ሪሞቱን ድርግም አድርጌ አያለሁ፤ ያልቆመ ነገር ካለ የዚያን ቀን ምላጭ የለም። ከዚያ ውጭ ሁሌም ሪሞት ቀድሞ ይበራል፣ መጨረሻ ይጠፋል።

ጋሼ ቁልፉን አሁንም ትተውልኝ ይወጣሉ። ጋቢያቸውን ግን ተከናንበውት ነው።