ባሃማስ ለሚሽን መሄድ

«ለሚሽን፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ጉዞ፣ ባሃማስ ልሄድ ነውና አግዙኝ» ብሎ ገንዘብ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሜሪላንድ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ላይ ደብዳቤዬን ሳድል አንዲት እናት ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ ባሃማስ'ኮ ሰው ለጫጉላ ነው የሚሄደው» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ስለ አባኮ ደሴት ከመስማቴ በፊት ባሃማስ ሲባል የሚታየኝ መርከብና የባሕር ዳርቻ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በየደጁ መጀመሪያ የማስረዳው ስለ ዶሪያን ሆነ። ዶሪያን በሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 አባኮን የመታው ደረጃ 5፣ ማለትም የመጨረሻው ከባድ ደረጃ፣ አውሎ ነፋስ ነው። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። ባሕሩ በአንዳንድ ቦታ ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ መንደሩ ገባ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አውሎ ነፋሱ ቶሎ አለማለፉ ነው። በደሴቶቹ ላይ እየተንቀራፈፈ የቀረውን ሁሉ ደቆሰ። ሰው ገና ቤቱን ማጽዳት ሲጀምር በ2020 ኮሮና መጣና ድንበር ተዘጋ። ዓመታት አልፈው እንኳ ጥገና ያልጀመረ ቤት የተገኘው ለዚህ ነው።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ተማሪዎች ፌሎሺፕ (ኅብረት) ነን። አብዛኞቹ አሜሪካውያን ናቸው፣ ሐበሻ ደግሞ ሁለት ነበርን። የስፕሪንግ ብሬክ፣ የጸደይ ዕረፍት፣ ጉዞ ስናስብ ቡድኑ የለመደውን ዕቅድ አወጣ። የልጆች ፕሮግራም፣ ድራማ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ቀለም መቀባት። አስተባባሪያችን ይህን ይዞ አባኮ ላይ ባለችው ማርሽ ሃርበር ከተማ ለሚያገለግሉ አንድ ሄይቲያዊ ፓስተር ደወለ። ስፒከር ላይ አድርጎት ሁላችንም እንሰማለን። ፓስተሩ በትዕግሥት አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «ልጆቻችን ይህን ድራማ በቃላቸው ያውቁታል» አሉ። እኛ ሳቅን፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። የቸገራቸው የበሰበሰ ጂፕሰም ቦርድ (የቤት ውስጥ ግድግዳ የሚለበስበት ሰሌዳ) የሚነቅልና ጣሪያ ላይ አናጢ የሚያግዝ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን የሚጽፉት እሳቸው ሆኑ። የትኛው ቤት፣ የማን፣ ምን እንደጎደለው፣ ማን ቀድሞ ይሠራለት። ጉዞውን ያዳነው ይህ ዝርዝር ነው ብዬ አምናለሁ። ለሚሽን የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ጉልበቱን ከመስጠቱ በፊት ዝርዝሩን የመጻፉን ሥራ ለአገሩ ሰው ይስጥ። ብዙ ቡድን «ምን ላድርግ» ብሎ የሚጠይቀው ቲኬት ከቆረጠ በኋላ ነው፤ ያኔ ተቀባዩ ምን ይበል?

የገንዘቡን ነገር አጠር ላድርገው። አሜሪካውያኑ ደብዳቤ ለዘመድ አዝማድ ይልካሉ፣ ብዙ ሰው በትንሽ በትንሹ ያዋጣል። እኔ ደግሞ ከአምልኮ በኋላ ቡና ሸጥኩ። ያቺ ስለ ጫጉላ የነገሩኝ እናት ድፎ ዳቦ ጋግረው መጡ፣ ከቡናው ይልቅ ገንዘብ ያስገባው እሱ ነው። ከተሰበሰበው ላይ ከፍ ያለውን ድርሻ ለዕቃ መግዣ ለየነው። አባኮ ላይ እንጨቱም ሚስማሩም ከፍሎሪዳ በመርከብ ስለሚመጣ ዋጋው ያስደነግጣል። ቀላሉን ዕቃ፣ ማስክ፣ ጓንት፣ ብሎንና የጣሪያ ማሰሪያ ብረት፣ በሻንጣችን ይዘን ሄድን። በየሻንጣው ውስጥ ያለውን በዝርዝር ጽፎ ከጋባዡ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ጋር መያዝ ጉምሩክ ላይ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ከፎርት ላውደርዴል በትንሽ አውሮፕላን ማርሽ ሃርበር ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከላይ ሲታይ ውሃው እንደ ፎቶው ነው፣ ሰማያዊና ንጹሕ። ጫካው ግን ሌላ ነው። የጨው ውሃ የገደለው ጥድ ግራጫ ሆኖ እንደቆመ ቀርቷል።

የመጀመሪያው ሥራ ማውጣት ነበር። የባሕር ውሃ የገባበት ቤት ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ጂፕሰም ቦርዱን ስትነቅለው ግን ከኋላው ያለው እንጨት በሻጋታ ጠቁሯል። አንዱ ቤት ግድግዳ ላይ የውሃው ምልክት ከራሴ በላይ ነበር። ማስክ አድርገህ ትነቅላለህ፣ በጋሪ ታወጣለህ፣ እንጨቱን ትፍቃለህ፣ ታጥባለህ፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ። ሳይደርቅ አዲስ ቦርድ ከለጠፍክበት ሻጋታው ይመለሳል። ለፎቶ የሚሆን ሥራ አይደለም፣ ማንም ተማሪ ግን በአንድ ጠዋት ይለምደዋል። የአጭር ጊዜ ቡድን የሚያዋጣው እንዲህ ያለው ብዙ እጅ እንጂ ብዙ ሙያ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ጣሪያው የሙያ ሥራ ነው። እዚያ ላይ አለቃችን ፓስተሩ ያገናኙን ሄይቲያዊ አናጢ ነበር። ከቡድናችን ኢንጂነሪንግ የሚማሩት ሁለቱ ልጆች ሳይቀሩ የእሱ ረዳት ሆኑ። ከባድ ነፋስ ጣሪያን ከታች ወደ ላይ ነው የሚገፋው። ወራጁ በሚስማር ብቻ ከተያዘ ይነቀላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወራጅ ከግድግዳው ጋር በማሰሪያ ብረት ይታሰራል፣ ብረቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ደግሞ ሚስማር ይገባበታል። አናጢው እያንዳንዱን በጣቱ እየዳበሰ ይቆጥር ነበር። አንድ ቀዳዳ ባዶ ካገኘ ምንም ሳይናገር መዶሻውን ያቀብልሃል።

ምሳ የምትሠራልን ባሃማሳዊት እናት ነበረች። ሩዝ በአተር፣ ዓሣ፣ አንዳንዴ ኮንክ የሚሉት የባሕር ቀንድ አውጣ። ጎት ፔፐር የሚሉትን ቃሪያቸውን ስበላ አይታ «አንቺ የዚህ አገር ሰው ነሽ» አለችኝ። አሜሪካውያኑ ጓደኞቼ እያለቀሱ ነበር።

እሑድ አምልኮው በሄይቲያውያኑ ቋንቋ በክሬዮል ነው፣ ረጅም ነው። ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። ፓስተሩ ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ መዝሙር 68 ላይ ያለውን «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን በክሬዮል አነበቡልኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጃንሆይ በ1966 ሄይቲን ሲጎበኙ ልጅ እንደነበሩ ነገሩኝ። እኔ ይህን ጉብኝት የሰማሁት ከእሳቸው ነው፤ አባቴ እንኳ አያውቀውም ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ የመሬቱ ጉዳይ ነው። አናጢያችን ከዶሪያን በፊት ይኖር የነበረው ማድ በሚባለው ሰፈር ነበር። ሄይቲያውያን ስደተኞች የሰው መሬት ላይ በእንጨት የሠሩት ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር ነው። አውሎ ነፋሱ ጠርጎ ወሰደው፣ መንግሥትም እዚያ መልሶ መሥራትን ከለከለ። አናጢው ሕጋዊ የሥራ ፈቃድ አለው፣ መሬት የለውም። በየቀኑ የሌላውን ቤት ጣሪያ እየሠራ ማታ ተከራይቶ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ክፍል ያድራል። በዝርዝራችን ላይ የነበሩት ደግሞ የይዞታ ወረቀት ያላቸው ብቻ ናቸው። ማታ ማታ በዚህ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ለእሱም አንድ ነገር እናቁም አልን። ፓስተሩ ግን «ወረቀት በሌለው መሬት ላይ የሠራችሁት ነገ በዶዘር ይፈርሳል። እናንተ ያኔ ትምህርት ክፍላችሁ ውስጥ ናችሁ» አሉን። አባቴ አሜሪካ ወረቀቱ እስኪያልቅለት የቆየባቸውን ዓመታት አስታወስኩና ዝም አልኩ።

ያደረግነው ይህን ነው። ከዕቃው ገንዘብ ላይ የአናጢውን የቀን ሒሳብ በባለሙያ ዋጋ ከፈልን፤ በነፃ አገልግል አላልነውም። ስንመለስ መጋዙን፣ መሰርሰሪያውንና ውሃ ልኩን ለእሱ ተውን። ቡድኑ ካወጣው ሁሉ ይህ በተሻለ ቦታ የዋለ ገንዘብ ይመስለኛል፣ የእኔን ቲኬት ጨምሮ።

ለሚቀጥለው ጉዞ ስብሰባ ስንቀመጥ ታዲያ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ከሚሄዱት ግማሾቹ ይቅሩና የቲኬታቸው ገንዘብ እዚያው ላሉ አናጢዎች ደመወዝ ይሁን። ግማሹ ሰው ደገፈኝ። ሌላው ግማሽ «ባትሄጂ ኖሮ ይህን ታውቂው ነበር?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስብሰባው ሳይቋጭ ተበተነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንቀጥላለን። እስከዚያ አስተባባሪያችን ለፓስተሩ እንዲደውልና እሳቸው ምን እንደሚሉ እንዲጠይቅ ተስማምተናል።