ቀላል ቸርኬና ቀላል የፍሬን ዲስክ፦ ለየብቻ ሊታሰቡ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች

የሞተር ሳይክሉን ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ቸርኬውንና የፍሬን ዲስኩን በአንድ ጊዜ ለመቀየር ያስባል። ሁለቱም ከሞላው በታች የሚገኙና አብረው የሚሽከረከሩ ስለሆኑ ሐሳቡ ምክንያት አለው፤ እኔ ግን የራሴን ሞተር ካሻሻልኩ ወዲህ ለያይቼ ማየት ጀምሬአለሁ። ቸርኬው ጥንካሬውን እስካላጣ ድረስ ክብደቱ መቀነሱ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም፤ ከዲስኩ ላይ የሚቀነሰው ብረት ግን ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሙቀቱን የሚቀበለው ያው ብረት ነው።

ከቸርኬ ላይ የተቀነሰ አንድ ኪሎ ከሌላ ቦታ እንደተቀነሰ አምስትና ስድስት ኪሎ እንደሚቆጠር አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ ፍጥነት ከመጨመር አንጻር ከታየ ግን ስሌቱ ይህን አይደግፍም። የ17 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ከመሃሉ 21.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በተለመደው የፊት ጎማ ላይ ከመሃል እስከ መሬት ያለው ርቀት ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መሠረት ከጠርዙ የተቀነሰ አንድ ኪሎ ከሻንሲው እንደተቀነሰ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይቆጠራል። ከቸርኬው ይልቅ ከመሃሉ የበለጠ የሚርቀው ጎማው ራሱ ስለሆነ፣ ውድ ቸርኬ ገዝቶ ከባድ ጎማ የሚያስገጥም ሰው ካተረፈው ከፊሉን መልሶ ያጣል።

እውነተኛው ጥቅም የሚታየው በመሪውና በአሞርቲዛተሩ ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የፊት ቸርኬ በደቂቃ 880 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ የሚሽከረከር ነገር ደግሞ አቅጣጫውን ለመለወጥ ያስቸግራል። የድሮውን የፊት ቸርኬ በዘንጉ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጓደኛዬ በኃይል ካሽከረከረልኝ በኋላ ወደ ጎን ላዘነብለው ስሞክር፣ ክንዴን ወዳላሰብኩት አቅጣጫ ይጠመዝዘው ነበር። ተቀጥቅጦ የተሠራውን አዲሱን ይዤ ተመሳሳዩን ሳደርግ ትግሉ በግልጽ ቀነሰ። መንገድ ላይ ይህ የሚታወቀው ከአንዱ ኩርባ ወደ ተቃራኒው ሲታጠፍ ነው። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይም ቀላሉ ቸርኬ የመሬቱን ቅርጽ ተከትሎ ቶሎ ይመለሳል፤ በዚህም ምክንያት የአሞርቲዛተሩን የመመለሻ ማስተካከያ (ከተጨመቀ በኋላ የሚዘረጋበትን ፍጥነት የሚወስነውን) እንደገና መሞከር ያስፈልጋል፣ የፋብሪካው ልክ የተወሰነው ለከባዱ ቸርኬ ነበርና።

በማቴሪያል ረገድ፣ አንድ ሊትር መጠን ያለው አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ሲመዝን ማግኒዚየም 1.74 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ የካርቦን ፋይበር ቸርኬ ደግሞ ከሁለቱም ሊቀል ይችላል። ሆኖም የማግኒዚየም ቸርኬ ቀለሙ ከተላጠ፣ በተለይ የብረት ቡሎን በሚነካው ቦታ ላይ፣ እርጥበት ሲያገኘው ይበላል፤ ካርቦን ፋይበር ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ በኃይል ከገባ በኋላ ጉዳቱ ከላይ ላይታይ ይችላል። ለዘወትር መንገድ የምመርጠው ተቀጥቅጦ የተሠራውን አሉሚኒየም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ስለሚጣመም ችግሩ በዓይን ይለያል።

አሁን ወደ ዲስኩ እንምጣ። ከነጂው ጋር 250 ኪሎ የሚመዝን ሞተር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢቆም 96 ኪሎጁል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ሁሉ ወደ ሁለቱ የፊት ዲስኮች ገባ ብንልና ሁለቱ በአንድነት 3 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ሙቀታቸው በ64 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይጨምራል፤ 2 ኪሎ ቢሆኑ ግን ጭማሪው 96 ዲግሪ ይደርሳል። ከ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲቆም ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ በአራት ይባዛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዲስኩ ሳይቀዘቅዝ ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ሙቀቱ ይደራረባል፤ ውሃ የሳበ ዶት 4 የፍሬን ዘይት በ155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ስለሚችል፣ የፍሬን ማንሻው ያለ ተቃውሞ ወደ መሪው እጀታ እስከ መጠጋት ይደርሳል።

ስለዚህ ዲስክ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ክብደቱ የተቀነሰው ከየት እንደሆነ ነው። የፍሬን ሸራው የሚይዘው የብረት ቀለበት ስፋቱና ውፍረቱ ሳይነካ፣ መሃሉ በቀላል አሉሚኒየም ተሠርቶ ከቀለበቱ ጋር በተንሳፋፊ (ቀለበቱ ሲግል በትንሹ እንዲንቀሳቀስ በሚፈቅዱ) ማያያዣዎች የተገናኘ ከሆነ ደስ ይለኛል። ቀለበቱ ራሱ የሳሳ ወይም በቀዳዳ ብዛት ወንፊት የመሰለ ከሆነ ግን ለውድድር ቀን እንጂ ለእኔ አይሆንም። በሞቶ ጂፒ፣ ማለትም በዓለም የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና ውድድር፣ የሚታየው የካርቦን ዲስክም በደንብ የሚይዘው በጣም ሲግል ብቻ ስለሆነ፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ከቤት ለሚወጣ ሰው አይመከርም። ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት ማንበብም አይዘንጋ፤ ብዙ ጊዜ አዲሱ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ መጣል ያለበት 4.5 ሲደርስ ነው፣ ይህም ከታሰበው በላይ ቶሎ የሚመጣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው።

ሲገጠም የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ቀለበቱ ጥርሶች ቁጥር ከፋብሪካው ጋር አንድ መሆኑና ከሴንሰሩ ያለው ርቀት መጠበቁ ይረጋገጥ። የዲስኩ ቡሎኖች አዲስ ይሁኑ፣ በመመሪያው በተጻፈው ኃይል ይጥበቁ። የድሮው ሸራ የድሮውን ዲስክ ቅርጽ ይዞ ስላለቀ ከአዲሱ ጋር አይገጠምም። አዲሱ ሸራና ዲስክ እስኪላመዱ ድረስ ከመካከለኛ ፍጥነት ቀስ በቀስ እየጠነከረ በሚሄድ አያያዝ ፍጥነት መቀነስ፣ በየመሃሉም ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ዲስኩ ግሎ ሳለ ሞተሩን አቁሞ ማንሻውን ጨብጦ መቆየት ግን ሸራው አንድ ቦታ ላይ እንዲታተም ስለሚያደርግ፣ ኋላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል።