የሚስት ስም በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ አለ?

ከጎንደር ወደ ሰሜን ወጣ እንዳሉ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረችውን ወለቃን ያገኛሉ። የቤተ እስራኤል ሰዎች በሸክላና በቀጥቃጭነት የታወቁት እጃቸው ስለተካነ ብቻ አይደለም። ርስት ስለተነፈጉም ነው። መሬት የሌለው ሰው የሰው ማሳ አርሶ እስከ ምርቱ እኩሌታ ይገብር ነበር፣ ሲባረርም አቤት የሚልበት ቦታ አልነበረውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ፆታ ሳይለይ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ፣ ከ10 ሄክታር ሳይበልጥ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። ያም በችሮታ አልመጣም፤ ከ1957 ጀምሮ «መሬት ላራሹ» ያሉ ተማሪዎች ታስረውበታል።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 የሴቶችን የመሬት መብት አስፍሯል። መብቱ የሚፈተነው ግን በይዞታ ደብተሩ ላይ ነው። መሬቱ የጋራ ከሆነ የባልም የሚስትም ሙሉ ስምና ፎቶ መኖር አለበት። የእሷ ስም በቤት መጠሪያዋ ተጽፎ መታወቂያዋ ላይ ሌላ ስም ካለ፣ በፍቺ ቀን «ይቺ ሌላ ሴት ናት» ይባላል። ደብተሩንና መታወቂያዋን ይዛ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ትሂድ፤ ደብተሩን ብቻ ሳይሆን መዝገቡንም አስከፍታ ታመሳክር።

ሌላው ወጥመድ ኪራይ ነው። ባል ብቻውን ፈርሞ የጋራውን ማሳ ለዓመታት ያከራያል፣ እሷ የምትሰማው በሬ ሲጠመድ ነው። ያለ እሷ ስምምነት የተደረገውን ውል ሳትዘገይ ትቃወም፤ ዝም ባለች ቁጥር እንደፈቀደች ሊቆጠርባት ይችላል። ማንበብ የማትችል ከሆነ ወረቀቱን የባሏ ወገን ያልሆነ ሰው ያንብብላት፣ አሻራዋን ከዚያ በኋላ ታኑር። የደብተሩን ቅጂ ደግሞ እናቷ ቤት ታስቀምጥ።